ደጋግሞ መለካት የማያርመው ስህተት

ወደ ቤተ ሙከራ ገና ለምትገቡ ወጣቶች፣

በወጣትነቴ አንድ ፈሳሽ የሚረጋበትን ሙቀት ስለካ ሃያ አምስት ንባቦችን ወስጄ ነበር። ንባቦቹ በአማካያቸው ዙሪያ ተሰብስበው ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው (ንባቦቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) 0.2 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን በ25 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ5 አካፍዬ፣ የአማካዩ ስህተት 0.04 ዲግሪ ነው ብዬ በኩራት ጻፍሁ። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን ወረቀቱን ካዩ በኋላ ምንም ሳይናገሩ ቴርሞሜትሬን ወስደው በሚቀልጥ ንጹሕ በረዶ ውስጥ ነከሩት። ዜሮ ማሳየት ሲገባው 0.8 አሳየ። ከጻፍሁት ሃያ እጥፍ የሚበልጥ ስህተት ከመጀመሪያው ንባብ አንሥቶ አብሮኝ ነበር፤ ንባቦቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ስለተሳሳቱ መስማማታቸውን የእውነት ምልክት አድርጌ ቆጠርሁት።

የልኬት ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ነው፤ ይህን ድግግሞሽ ያለዝበዋል፣ ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ፣ ወደ አሥረኛ ለማውረድ መቶ እጥፍ ንባብ ያስፈልጋል። እኔም ንባቦቼን 100 ባደርስ ኖሮ 0.04 የነበረው 0.02 ይሆን ነበር፤ ሌላው ዓይነት፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብለው የ0.8ቱ ጥመት ግን ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለውን የሚያጋልጠው መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ነገር መለካት፣ መሣሪያ መቀየር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሌላ ዘዴ ወደዚያው ውጤት ለመድረስ መሞከር ነው።

ለዚህ የእንግሊዛዊውን የፊዚክስ ሊቅ የሎርድ ሬይሊን ሥራ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። እርሳቸው ናይትሮጅንን በሁለት መንገድ፣ ከአየርና ከኬሚካል ውሕዶች፣ አግኝተው በአንድ ዓይነት ዕቃ ሲመዝኑት የመጀመሪያው 2.310 ግራም፣ ሁለተኛው 2.299 ግራም ገደማ ሆነ። ልዩነቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ብዙዎቻችን አማካዩን ወስደን እናልፈው ነበር። ይሁን እንጂ በየወገኑ ያሉት ምዝኖች እርስ በርስ የሚለያዩት ከዚህ በእጅጉ ባነሰ መጠን ስለነበር፣ ልዩነቱ የሚዛን ውዥቀት ሊሆን እንደማይችል ተረዱ። ከኬሚስቱ ዊልያም ራምሴይ ጋር ሲመረምሩትም በአየር ውስጥ የተደበቀ አዲስ ጋዝ፣ አርጎን፣ ተገኘ፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1894 ነበር። የውዥቀቱን መጠን በትክክል ባያውቁት ኖሮ ልዩነቱን ሊያምኑት አይችሉም ነበር።

በአንጻሩ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ሚሊካን የኤሌክትሮንን ቻርጅ በዘይት ጠብታ ሲለኩ ለአየር ዝልግልግነት (አየሩ የሚወድቀውን ጠብታ ለሚጎትትበት መጠን) የተጠቀሙበት ቁጥር ትክክል ስላልነበረ፣ ውጤታቸው ዛሬ ከሚታወቀው በ0.6 በመቶ ገደማ አነሰ። ጠብታ ቢጨምሩ አይስተካከልም ነበር፤ ስህተቱ ከጠብታዎቹ ሳይሆን ከዝልግልግነቱ ቁጥር የመጣ ነውና።

ከሌሎቹ ያፈነገጠ ንባብ ስታገኙ ለመሰረዝ እጃችሁ ይፈጥናል፤ የእኔም ይፈጥን ነበር፣ አሁንም ይቃጣዋል። ቧንቧው እንደፈሰሰ ወይም ማብሪያው እንደጠፋ የሚያስረዳ ምክንያት ከሌላችሁ ሳትሰርዙ እንዳለ ተዉት፤ ካላችሁም ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ በአንድ መስመር ብቻ ሰርዙትና ምክንያቱን ከጎኑ ጻፉ። መሣሪያውን በምን እንዳመሳከራችሁት ግን ከመጀመሪያው ንባብ በፊት ይመዝገብ፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚደረግ ማመሳከር ደስ የሚለን ቁጥር ላይ ሲደርስ የመቆም ጠባይ አለው።