የመርከቡ ጥቁር ለምን ተሰነጣጠቀ?

አንድ አንባቢያችን ክሎድ ሎራን በ1648 እ.ኤ.አ. የሠራውን፣ ንግሥተ ሳባ ከወደብ ስትነሳ የሚያሳየውን ሥዕል አስመስሎ በዘይት ቀለም እየሣለ ነው። ሰማዩና ባሕሩ ደህና ናቸው። ከፊት ያለው ጥቁር መርከብ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ጓደኛው የእንጨት ቫርኒሽ ቀባበት፤ ባሰበት። «ሸራው ይሆን?» ይላል።

ሸራው አይደለም ወንድሜ። ሸራው ቢሆን ሰማዩም አይተርፍም ነበር። እርግጥ ያ የግድግዳ ቀለም ተለቅልቆ «ዝግጁ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ሸራ ብዙ ኃጢአት አለበት፤ ይሄኛው ግን የሱ አይደለም። እኔ የምጠረጥረው፣ መርከቡን መጀመሪያ አይቮሪ ብላክ በሚባለው ጥቁር ቀለምና በብዙ የተልባ ዘይት ቀባኸው፤ ሳይደርቅ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) የቀጠነ በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ ቀለም ደረብክበት። ስንጥቁን በጥፍርህ ጫን በለው። ሥሩ እንደ ማስቲካ ከለሰለሰ፣ ነገሩ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዝም፤ ተማሪዎቼን የማሰለችበት ወሬ ነው። የዘይት ቀለም እንደ ልብስ አይደርቅም። የልብስ ውሃ ይተናል። የተልባ ዘይት ግን ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ራሱ ይጠጥራል። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከላይ ቆዳ ያወጣል፣ ከሥር ገና እርጥብ ነው። ቀለሞቹም እኩል አይሄዱም። አምበር ውስጥ ማንጋኒዝ ስላለ ቶሎ ይደርቃል፤ አይቮሪ ብላክ ዘገምተኛ ነው። ዘገምተኛው ሥር፣ ፈጣኑ ላይ ከሆኑ ላዩ ደርቆ ሲቆም ሥሩ ይንቀሳቀሳል። ይሰነጥቀዋላ! ዘይቱ ኦክስጅን ሲስብ ደግሞ ይሞቃል። ሸራ ላይ አይታወቅም። የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ክብሪት ሳይጭር እሳት ይነሳል። የጠረግክበትን ጨርቅ አንድ በአንድ ደጅ ዘርጋ፤ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ በውሃ ዘፍዝፈው።

መርከቡን አታድነውም። በስፓቱላ እስከ ሥሩ ፋቀው፤ የቀረውን አኳራጅ በነካ ጨርቅ ጥረግ፤ ሰማዩን እንዳትነካ። ቫርኒሹም አብሮ ይሄዳል። የእንጨት ቫርኒሽ ለበር ነው፤ ለምን ሥዕል ላይ እንደሚቀቡት አይገባኝም።

ከዚያ በአምበርና በአኳራጅ ብቻ፣ እንደ ሻይ አቅጥነህ ጀምር። ጣት የማይዝ ሲሆን ጥቂት ዘይት ያለበትን ደርብ። ብዙ ዘይት ያለው ግልጽ ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ። ለጥቁሩ አምበርን ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ቀላቅል፤ ጥልቀት አለው፣ ቶሎም ይደርቃል።

ወደቡ ላይ ስላለው የሕዝብ ግርግር ብዙም አትጨነቅ። ሎራን ፀሐይዋን አድማሱ አጠገብ አስቀምጦ ፊት ለፊቱን ጥላ ስላደረገው ሕዝቡ አይረብሽም። ማክዳን ራሷን ለማግኘት እንኳ ትንሽ መፈለግ አለብህ። የሩቆቹ መርከቦች ላይ ጥቁር አታስገባ፤ ከሰማዩ ጥቂት ጨለም ካሉ ይበቃል። ገመዶቹን በቀጭን ብሩሽ፣ መጨረሻ ላይ። ሁሉንም አትሣል።

የሥዕል ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት እንዳታስበው። መርከቡን የጠረግክበትን ጨርቅ ግን ዛሬውኑ፣ ከመተኛትህ በፊት፣ ቅርጫት ውስጥ ሳትጥል ዘርጋው።