ስልኩ ሲጠራ ኢንተርኔቱ የሚቋረጠው ለምንድን ነው?
ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው አሮጌ ቤትዎ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ለምን እንደሚቋረጥ ጠይቀዋል። እባክዎ ራውተር ለመግዛት አይቸኩሉ፤ እኔ የምጠረጥረው ሽቦውን ነው። የጥሪው ምልክት 90 ቮልት ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ማጣሪያው (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ሲግናል የምትለየው ትንሽ ሳጥን) ከተበላሸ ወይም የሽቦው መጋጠሚያ ከላላ ኤዲኤስኤሉን፣ ማለትም በስልክ ሽቦው የሚመጣውን ኢንተርኔት፣ ይረብሸዋል።

ስልኮቹን ሁሉ ነቅለው ራውተሩን መስመሩ ከውጭ በሚገባበት የመጀመሪያ ሳጥን ላይ ብቻ ይሰኩትና አንድ ቀን ይጠብቁ። ካልተቋረጠ ችግሩ ምናልባት ማጣሪያው ወይም የቤት ውስጥ ሽቦው ነው። እኔ ቤት የተገኘው ከቁም ሳጥን ጀርባ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ነበር። ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ እጄ ላይ ተሰበረ! ወደማይጠቀሙበት ክፍል የሚሄድ ቅርንጫፍ ሽቦ ካለም ከመነሻው ያላቅቁት፤ ሲግናሉን መልሶ እያንጸባረቀ ያዳክማል። በመጀመሪያው ሳጥን ላይም ከተቋረጠ ግን የቴሌ ጥገና ሠራተኛ ይጥሩ።