በአዌቱ ዳር ድልድዩ የት ይሁን?

ሰላም ወንድሜ። የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ በአዌቱ ወንዝ ዳር የእግር መንገድና መሻገሪያ ሊሠራ መሆኑን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። «ወጪው እንዲቀንስ ድልድዩን ወንዙ ከሚጠብበት ላይ ብናደርገውስ?» ብለህ ጠይቀሃል። እዚሁ ጅማ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ዓመታት ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርህ፤ እባካችሁ በዚህ አትቸኩሉ።

በጠባብ ቦታ ክረምት ላይ ውኃው ከፍ ይላል፣ ጉልበቱም ይበረታል፤ መሠረቱንም ከሥር ይቦረቡረዋል። መታጠፊያም አይሁን፤ ወንዝ የውጭውን ዳር እየበላ የውስጡን በደለል ይሞላል። ሁለት ሦስት ሜትር ቢረዝምባችሁም ቀጥ ብሎ የሚፈስበትን፣ ዳሩ ጠንካራ የሆነውን ፈልጉ።

የድልድዩን ከፍታ ደግሞ በበጋ ውኃ አትለኩ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ጥር ላይ ድንጋይ እየረገጥክ የምትሻገረው ነሐሴ ላይ ሌላ ወንዝ ነው። ዳር ያሉትን ዛፎች እዩ፦ ቅርንጫፍ ላይ የተጠለፈ ፌስታል፣ የደረቀ ሣር፣ ቁራጭ ጨርቅ ጎርፉ የደረሰበትን ያሳያል። እዚያው ልብስ የሚያጥቡትን እናቶችም ጠይቁ። ከዚያ ምልክት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ በሉ፤ ጎርፉ ግንድና የሃይላንድ ክምር ይዞ ስለሚመጣ ድልድዩ ሥር ከተወተፈ ጠራርጎት ይሄዳል። መሃል ላይ ምሰሶ የማልወደውም ለዚህ ነው።

መንገዱን ከአፋፉ አርቁት። ቀይ አፈራችን ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በአንድ ክረምት ቦይ ይሆናል። ተዳፋቱን አግድም ይያዝ፤ በ10 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር በላይ አይውረድ። ወለሉ ወደ ወንዙ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያዘንብል። ብዙ ሰው ፈርቶ ወደ ዳገቱ ያዘነብለዋል፤ ያኔ ውኃው መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ዶቅማውንና ዋንዛውን ግን አደራ አትቁረጡ፤ ዳሩን የያዙት ሥሮቻቸው ናቸው። የተራቆተው ላይ ቬቲቨር ሣር ትከሉ።

የድልድዩ ተሸካሚ ግንድ ባህር ዛፍ ከሆነ ጫፉ አፈር አይንካ፣ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ላይ ይቀመጥ። በጣውላዎቹ መሃል 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ ውኃ እንዳይተኛበት። በሚስማር ፋንታ ብሎን ተጠቀሙ።

የሁለቱን ዳር ፎቶና የወንዙን ስፋት ለጥፍልን፤ ስለ ተሸካሚው ውፍረት እንነጋገራለን። ስፋቱ ከ6 ሜትር ካለፈ ግን መሐንዲስ ሳያየው እንጨት አትግዙ።