ያረጀች ሃይሉክስ የፊት እግሯ ግቢ ውስጥ ይሠራል ወይ?

ይሠራል። የጠየቅከው ይሄ ነው፦ የ1999 ሞዴል ደብል ካቢን ሃይሉክስህ ኮብልስቶን ላይ ከፊት ትንኳኳለች፣ አስፋልት ላይ መሪዋ ይዋልላል፣ ጋራዥ የጠየቀህ የእጅ ዋጋ ከብዶሃል፣ እቃውን ገዝተህ ራስህ ብትሠራውስ? የኔም ያቺው ናት። 5ኤል ሞተር፣ ከቪጎ በፊት የነበረችው፣ ከፊት በሞላ ፈንታ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ረጅም ብረት) ያላት ባለ አራት ጎማ ነጅ። የፊት እግሯን፣ ማለትም ጎማውን ከቻሲው ጋር የሚያያይዘውን ክፍል፣ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ግቢ ውስጥ ፈታትተን ሠርተናታል፣ ዛሬም ፒስታ ላይ ጭነት ይዤ እየነዳኋት ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ እቃ ለመግዛት አትሩጥ። ምን እንዳለቀ እወቅ። ፊቷን በክሪክ አንሳና ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) ላይ አሳርፋት፣ ጎማው ይንጠልጠል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከተነቃነቀ ወይ ቦል ጆይንት (ብራቾውን፣ ማለትም የእግሯን ክንድ፣ ከጎማ ተሸካሚው ብረት ጋር የሚያያይዘው ተሽከርካሪ መገጣጠሚያ) ነው ወይ ኩሽኔታ። ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ፤ ፍሬን ተይዞ ንቅንቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ከቀጠለ ቦል ጆይንቱ ነው። ቀጥሎ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘህ ነቅንቅ። እዚህ ላይ ቴስቲናዎቹ (መሪውን ከጎማው የሚያያይዙት የዘንግ ጫፎች) እና አይድለር አርሙ ራሳቸውን ያጋልጣሉ።

አይድለር አርሙን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የመሪው ሳጥን ካለበት ጎን ትይዩ፣ ቻሲው ላይ የታሰረችው ክንድ ናት። መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሰው ሞተር አስነስቶ መሪውን ትንሽ ግራ ትንሽ ቀኝ ያድርግልህ፣ አንተ ከጎን ሆነህ እያት። መሪው ሲዞር ክንዷ መዞሯን ትታ ወደ ላይና ወደ ታች ከዘለለች አልቃለች። አንተ በነገርከን ምልክት እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሷን ነው። መዋለሉ በእሷ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እሷን መቀየር ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ታገኛለህ። እዚያ ስትሄድ አንድ ነገር ያዝ፦ ብራቾው ራሱ ብረት ስለሆነ ካልተጣመመና ካልተበየደ አሮጌ ብትገዛ ችግር የለውም። ቦል ጆይንትና ቴስቲና ግን አሮጌ እንዳትገዛ። ቦል ጆይንት ሲወልቅ ጎማው ወደ ጎን ተዘርሮ መኪናዋ በአፍንጫዋ ትተከላለች፣ ይሄ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ስትታጠፍ ወይም ፍሬን ስትይዝ ነው። አዲሱን ስትመርጥ ፒኑን በእጅህ አዙረው። ጠንከር ብሎ እኩል መዞር አለበት። ገና ከካርቶኑ ሲወጣ የሚወዛወዝ ከሆነ ለባለ ሱቁ መልስለት። እኔ የጃፓኑን 555 አስገብቼ ረክቻለሁ፣ ግን ካርቶኑን ብቻ አይተህ አትመን፣ እቃውን አውጥተህ እየው።

ክሪክ ብቻውን መኪና አይዝም። ብሎኬት ደግሞ ከነጭራሹ እንዳታስጠጋ፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረፈረው። ሁለት ደህና ካቫሌቶ ተከራይ ወይ ተዋስ፣ የፈታኸውን ጎማ ደግሞ ቻሲው ሥር አስተኛው። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ። ሕይወትህ ነው።

አሁን ቶርሽን ባሩ። ሰው የሚፈራው እሱን ነው፣ መፈራቱም ልክ ነው፣ ምክንያቱም የመኪናዋን የፊት ክብደት ተጠምዝዞ የተሸከመው እሱ ነው። ግን ሥርዓቱን ከያዝክ ጣጣ የለውም። መጀመሪያ መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ጠርዝ ያለውን ቁመት ለካና ጻፍ፣ ሁለቱንም ጎን። ቀጥሎ ከካቢኑ ሥር፣ ባሩ የሚያልቅበት ቦታ ያለውን ማስተካከያ ቡሎን ፈልግ፣ ከዳዶው ያለፈው ጥርስ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ለካና እሱንም ጻፍ። ከዚያ ባሩ ከፊትና ከኋላ የሚገባባቸው ጥርሶች ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ይሄን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ነው ቡሎኑን የምታላላው፣ ጎማው ተንጠልጥሎ፣ ቀስ እያልክ፣ ጫናው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ። ባሩ ሳይላላ ላይኛውን ብራቾ ወይም ቦል ጆይንት አትንካ። የግራና የቀኙ ባር ደግሞ አይቀያየሩም፣ ጫፋቸው ላይ ምልክት አላቸው።

አንዱን ጎን ጨርሰህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው። ያልተፈታው ጎን ማመሳከሪያህ ነው፤ የቱ ሮንዴላ የት ነበር ስትል ዞረህ ታየዋለህ።

ቦል ጆይንቱን ለማስለቀቅ ፒኑን በመርቴሎ አትምታ። ኮፒልያውን (ዳዶው እንዳይላላ የምትሰካውን ሽቦ) አውጣ፣ ዳዶውን አላላና ጥቂት ጥርስ ላይ ተወው፣ ሲለቅ እንዳይዘል። ከዚያ ፒኑ የገባበትን የብረት ቀለበት ከሁለት ጎን በሁለት መርቴሎ እኩል ምታው። አንዱን ደግፈህ በሌላው መምታትም ይቻላል። ጧ ብሎ ይለቃል። ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የሚይዘውን ክፍል) በፍሬን ቱቦው እንዳታንጠለጥለው፣ በሽቦ ቻሲው ላይ እሰረው። የፊት አክስሉም ቡት (የላስቲክ ሽፋኑ) እንዳይቀደድ ተጠንቀቅ፣ ጎማ ተሸካሚውን ብረት ዝም ብለህ ወደ ውጭ አትልቀቀው። አዲሱን ስታስር የኮፒልያው ቀዳዳ ካልገጠመልህ ዳዶውን ወደፊት አጥብቅ እንጂ ወደ ኋላ አታላላ። እዚያው ላይ እያለህ ኩሽኔታውንም ፈትተህ እጠብና አዲስ ግሪስ ሙላው፤ የሃቡ (ጎማው የሚታሰርበት መዞሪያ) ዳዶ 54 ቁልፍ ይፈልጋል፣ ቀድመህ ተዋስ። በካቻቢቴና በመርቴሎ እየመቱ የሚፈቱት አሉ፣ ዳዶውን ያበላሻሉ።

ጎሚኒዎቹ (ብራቾው ቻሲው ላይ በሚታሰርበት ቦታ ያሉት ላስቲኮች) ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ከብራቾው ውስጥ አሮጌውን ማውጣት ፕሬስ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ በእሳት የሚያቃጥሉ አሉ፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ አያስፈልግም። ብራቾውን ከነአዲሱ ጎሚኒ ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ ተጭኖ ወጥቶ ተጭኖ ይገባል። ቶርኖ ቤቱ "ከቴፍሎን ልቅረጽልህ፣ አያልቅም" ቢልህ እኔ እምቢ እላለሁ። ላስቲኩ መንገዱን የሚያለዝበው፣ ብራቾው ከፍ ዝቅ ሲል ራሱ እየተጠማዘዘ ነው። በደረቅ ነገር ከተካኸው ያ ሁሉ ምት ወደ ቻሲውና ወደ ቡሎኑ ይሄዳል።

ከዚህም ትልቁ ነገር የሚጠብቅበት ሰዓት ነው። የጎሚኒው ላስቲክ ከመሃል ብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ የመሃሉ ብረት ቻሲው ላይ ይነከሳል። ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ጥርቅም አድርገህ ካሰርከው፣ መኪናዋን ስታወርዳት ላስቲኩ እንደተጨመቀ ልብስ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በቆመችበት ሁሉ እንደተጠመዘዘ ነው። በጥቂት ወር ውስጥ ይቀደዳል። የአንድ ጎረቤቴ መኪና እንደዚህ ነው የሆነው፤ ጋራዥ ሙሉ ጎሚኒ አስቀይሮ ዓመት ሳይሞላ መኪናዋ ተመልሳ ተንኳኳች፣ ሥሯ ገብቼ ሳይ ሁሉም በአንድ በኩል ተሰንጥቀዋል። ስለዚህ የብራቾ ቡሎኖችን በመጀመሪያ በእጅ ብቻ አስጠጋቸው። ጎማ ግጠም፣ ቶርሽን ባሩን በጻፍከው ልክ መልሰህ ወጥር፣ መኪናዋን አውርድ፣ ፊቷን ጫን ጫን አድርጋት፣ ትንሽ ወደፊትና ወደ ኋላ ግፋት፣ ቁመቷን ለካ። ልክ ከሆነች በኋላ ሥሯ ግባና አጥብቅ። ከፍ ያለች መኪና ስለሆነች ትገባለህ። ቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ የሚለካ ቁልፍ) ካለህ በመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ ልክ አጥብቅ፣ ከሌለህ ለዚህች ሥራ ብለህ ተዋስ።

የታችኛው ብራቾ ቻሲው ላይ የሚታሰረው ካም (ሲዞር ብራቾውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገፋ ቀለበት) ባላቸው ቡሎኖች ነው፤ የጎማውን መጋደል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሳትፈታ ካሙና ቻሲው ላይ በፑንታ (በሹል ብረት) ምልክት ምታ። ይሄ አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ በመሣሪያ ማስተካከል) አይተካም፣ ግን ጎማህን ሳትበላ እስከ አላይመንት ቤት ያደርስሃል። ቴስቲና ስትቀይርም የገባበትን ዙር ቁጠር። ከዚያ ቀስ ብለህ ነድተህ ሄደህ አስተካክል፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ሁሉንም ቡሎን አንድ ጊዜ ተመልሰህ እየው።

በዚህ ሥራ የሚያስለቅስህ እነዚሁ የካም ቡሎኖች ናቸው። በዝገት ከጎሚኒው ብረት ጋር አንድ ይሆኑና አይወጡም፣ ያኔ በግራይንደር መቁረጥ ነው። ስለዚህ መለዋወጫ ስትገዛ ካሞቹን ከነቡሎናቸው አብረህ ግዛ፣ አዲሱን ስታስገባ ግሪስ ቀባው። ቅዳሜ ልትጀምር ካሰብክ ደግሞ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይቱን ዛሬ ማታ ርጨው፣ እስከ ዓርብ በየማታው ድገመው።