«ፈረስህን ዳር አውጣው» የሚል ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ቼዝ በስልኬ እጫወታለሁ። ሬቲንጌ 1200 ላይ ተገትሮ ቀርቷል። የምጫወትበት ድረ ገጽ በነጻ የሚገመግምልኝ በቀን አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ለተጨማሪው በዶላር ክፈል ይለኛል። ግምገማው ራሱም አይገባኝም። ባለፈው በጥቁር ተጫውቼ በ20 እርምጃ ተሸነፍኩ። ወታደር በፈረሴ ስለበላሁ ኮምፒውተሩ የጥያቄ ምልክት ለጠፈብኝ፤ ፈረስህን ዳር ማውጣት ነበረብህ አለኝ። ፈረስ ዳር ላይ አይቀመጥም ተብለን አይደል እንዴ የተማርነው? ጨዋታውን ልኬልሃለሁ።

መልስ፦ ጨዋታህን አየሁት። አይዞህ፣ እዚህች ወጥመድ ውስጥ ያልገባ ተጫዋች ብዙም አላውቅም። እኔም ጀማሪ እያለሁ ሁለት ሦስቴ ተበልቼባታለሁ።

በመጀመሪያ ዶላርህን ኪስህ አስቀምጥ። በብሮውዘርህ ሊቼስ የሚባለውን የቼዝ ድረ ገጽ ክፈት። ቲቦ ዱፕሌሲ የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ነው። በመዋጮ ነው የሚተዳደረው፤ ማስታወቂያ የለው፣ «ፕሪሚየም» የለው። ሌላ ቦታ የተጫወትከውንም ይቀበላል። በተጫወትክበት ድረ ገጽ ላይ ከጨዋታህ አጠገብ «ሼር» የሚለውን ስትነካ ፒጂኤን የሚባል ጽሑፍ ታገኛለህ፤ የእርምጃዎቹ ዝርዝር ነው። ኮፒ አድርገው፤ ሊቼስ ላይ «ቱልስ» ውስጥ «ኢምፖርት ጌም» ገብተህ ፔስት አድርገው። በቃ።

እዚያ ኮምፒውተሩ በሁለት መንገድ ይሠራል። ቦርዱ አጠገብ ያለችውን ማብሪያ ስትከፍት ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም የሚሠራው እዚያው አንተ ስልክ ላይ ነው። ስልኩ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። «ሪኩዌስት ኤ ኮምፒውተር አናሊሲስ» የምትለውን ስትጫን ግን ሥራውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ያዋሷቸው ማሽኖች ናቸው፤ አንተ ውጤቱን ብቻ ትቀበላለህ። ለዚህኛው አካውንት ያስፈልግሃል፤ እሱም ነጻ ነው። ስልክህ ደከም ያለ ከሆነ ይሄኛውን ተጠቀም።

ማን እንደበለጠ ለማሳየት ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ቁጥር የሚለካው በወታደር ነው በል። አንተን ያደናገረህ ምልክቱ ይመስለኛል። ፕላስ ምንጊዜም ነጭ በለጠ ማለት ነው፣ ማይነስ ጥቁር። ማን እየተጫወተ እንደሆነ አይመለከተውም። በጥቁር ስትጫወት ማይነስ ካየህ ደስ ይበልህ።

አሁን ወደ ፈረስህ እንምጣ። ነጭ በ4ኛው እርምጃ ፈረሱን ጂ5 ላይ አመጣ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው የሚነግርህ)። ሲ4 ላይ ካለው ቢሾፕ ጋር ሆነው ሁለቱም ኤፍ7ን ያያሉ። አንተ ወታደርህን ወደ ዲ5 ገፋህ፤ ጎበዝ፣ ትክክል ነው። ነጭ በላው። አንተም ሳታመነታ በፈረስህ መልሰህ በላህ። ጥያቄ ምልክቷ እዚህ ላይ ናት።

ኮምፒውተሩን ዝጋውና በጣትህ ቀጥል። ነጭ ፈረሱን ሠውቶ ኤፍ7ን ይበላል። ንጉሥህ ይበላዋል። ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ወጥታ ቼክ ትላለች፤ በዚያው ዲ5 ላይ ያለውን ፈረስህንም ትይዛለች። ፈረሱን ለማዳን ንጉሥህ ኢ6 ላይ መውጣት አለበት። ገና 7ኛ እርምጃ ላይ ንጉሥህ አደባባይ መሃል ቆሟል! ቀጥሎ የነጭ ሌላኛው ፈረስ ሲ3 ላይ ይወጣና ሦስተኛ አጥቂ ይሆናል። የአንተው ፈረስ ደግሞ መነሳት አይችልም፤ ከተነሳ ንጉሡ ለቢሾፑ ይጋለጣላ።

አሁን ወደ ኋላ ተመለስና ሲ6 ላይ ያለውን ሌላኛውን ፈረስህን ኤ5 ላይ አውጣው። ዳር ነው፣ እውነት ነው። ግን ሲ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ይነካል። ነጭ ቢሾፑን ቢ5 ላይ አምጥቶ ቼክ ይላል፤ አንተ ወታደርህን ሲ6 ላይ ትገፋለህ፤ ይበላል፤ መልሰህ በወታደር ትበላለህ። ቢሾፑ እንደገና ተነካ፤ አሁንም መሸሽ አለበት። አንድ ወታደር ጎድሎሃል፤ ግን እሱ ሲሸሽ አንተ ጠጠሮችህን ታወጣለህ። «ዳር አይቀመጥም» የተባለው ሥራ ለሌለው ፈረስ ነው።

ኮምፒውተሩን ካላመንክ ሰዎችን ጠይቅ። ቦርዱ አጠገብ የመጽሐፍ ሥዕል ያላት ቁልፍ አለች፤ ክፈታትና «ማስተርስ» የሚለውን ምረጥ። ትልልቆቹ ተጫዋቾች እዚህ ቦታ ላይ ምን እንደተጫወቱ ይዘረዝርልሃል። ፈረስ ኤ5 ከሌሎቹ በሰፊ ልዩነት አንደኛ ነው። እኔ ተማሪዎቼን ብዙ ጊዜ ከስቶክፊሽ በፊት እዚህ ነው የምልካቸው።

ሌላ የምወዳት ነገር አለች። ኢንተርኔት ቤት ወይም ላፕቶፕ ላይ ከሆንክ ኪቦርዱ ላይ ኤክስን ተጫን። «አሁን ተራህን ብታሳልፍ ተጋጣሚህ ምን ያደርግሃል?» ለሚለው በቀይ ቀስት ይመልስልሃል። 1200 አካባቢ ያለ ተጫዋች የሚሸነፈው በአብዛኛው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው። ታዲያ ከጨዋታ በኋላ ብቻ! እየተጫወትክ ኮምፒውተር መክፈት ማጭበርበር ነው፤ አካውንትህም ይዘጋል።

አሠራርህን ግን ቀይር። ጨዋታው እንዳለቀ ወዲያው ግምገማ የምትከፍት ከሆነ የሠራው ኮምፒውተሩ ነው፣ አንተ አይደለህም። መጀመሪያ ብቻህን እየው። «እዚህ ጋ ፈርቼ ነበር»፣ «ይቺን ሳላስብ ነው የተጫወትኳት» እያልክ ደብተር ላይ ጻፍ፣ በአማርኛ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ክፈትና አስተያይ። «ለርን ፍሮም ዩር ሚስቴክስ» የምትለዋን ስትነካ ደግሞ የተሳሳትክባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እያመጣ የተሻለውን ፈልግ ይልሃል። «መልሱን እይ» የምትለዋን ለመንካት አትቸኩል። በቀን አንድ ጨዋታ ይበቃል፣ የተሸነፍከው ይሁን።

ዛሬ ማታ ፈረስህ ኤ5 ላይ የወጣበትን ቦታ አቁመህ «ኮንቲኒው ፍሮም ሂር» በል፤ ጥቁር ሆነህ ከማሽኑ ጋር ተጫወት። ደረጃ 3 ላይ አድርገው፣ ጉራ አያስፈልግም። ቢሾፑ ቢ5 ላይ ቼክ ካለህ ሲ6 በል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ፒጂኤኑን ላክልኝ።