ካርዱ ለሁለት ሰው ነው፤ አክስታችንስ?

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ የሥራ ባልደረባዬ ታገባለች። ድግሱ አዳራሽ ውስጥ ነው። ካርዱ «ለ2 ሰው» ይላል፤ ለእኔና ለባለቤቴ። ችግሩ፣ የባለቤቴ አክስት ጥምቀትን ሊያከብሩ ከዳባት መጥተው እኛ ቤት ናቸው። ሠርጉን ሲሰሙ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ከሻንጣ አውጥተው ሰቀሉት። «ለሁለት ሰው ብሎ ጥሪ ደግሞ ምንድን ነው? ሠርግ በሰው አይደል የሚያምር?» አሉኝ። ባለቤቴም «አንድ ሰው ቢጨመር ምን ይጎድላል? ዝም ብለን ይዘናቸው እንሂድ» ይላል። ሙሽራዋን ማስቀየም አልፈልግም፤ እንግዳ ቤት ጥሎ መውጣትም ነውር ነው። ልጆቼንስ ልውሰድ? ፖስታው ውስጥስ ስንት ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከማራኪ

እህቴ፣ አክስታችሁ አልተሳሳቱም። እሳቸው የሚያውቁት ሠርግ ዳስ ተጥሎ፣ የሰፈር ሴቶች ሽንኩርት ሲከትፉ አድረው፣ መንገደኛ ሳይቀር ገብቶ የሚበላበት ነው። ዳስ ጠበበ ከተባለ ይሰፋል፤ አግዳሚም ከጎረቤት ይመጣል። የአዳራሽ ድግስ ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ምግቡ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው፤ ወንበሩም እንደዚያው። «አንድ ሰው ምን ይጎድላል» የሚል ባል ደግሞ አንቺ ቤት ብቻ ያለ አይምሰልሽ። ጥር 12 የምናከብረው ቃና ዘገሊላ ሠርግ ላይ እንኳ ወይን አልቋል። ለባልደረባሽ ያለቀው የሚሞላው በብር ነው።

ስለዚህ ሳትጠይቂ ይዘሻቸው እንዳትሄጂ። ለሙሽራዋም አትደውዪ፤ በዚህ ሳምንት የሷ ጭንቀት ለሷ ይበቃታል። ካርዱን ላመጣልሽ ወይም ጥሪውን ለያዘው ዘመዷ ዛሬውኑ ደውዪ። «አክስታችን እንግዳ ሆነው መጥተዋል። ቦታ ካለ ደስ ይለናል፤ ከሌለም ቅር አይለንም» በዪ። ቅር አይለንም የምትዪውን ከልብሽ በዪው፤ ሰው «የለም» ማለት ይከብደዋል። «እስኪ እናያለን» ካለሽ አይሆንም ማለቱ ነው። ደግመሽ አትደውዪ።

ካልሆነ ባልሽ ከአክስቱ ጋር ይዋል። የሱ አክስት አይደሉ? ዶሮ ይሠራላቸው፣ ቡና ይፈላላቸው፣ ወደ ማታ ፒያሳ ይዟቸው ይውጣ። አንቺ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽ ጋር ሂጂ። ልጆቹም ካርዱ ላይ ስለሌሉ ከአባታቸው ጋር ይቅሩ። ብቻ አደራ፣ አክስታችሁን «ልጆቹን ይጠብቁልኝ» ብለሽ እንዳትወጪ። ከሠርግ የቀረሁት ሳያንስ ሞግዚት አደረገችኝ ብለው ዳባት ድረስ ያወሩብሻል፤ እውነታቸውን ነው።

ለፖስታው ብር አትበደሪ። ጓደኞችሽ የሚያዋጡ ከሆነ አብረሽ አዋጪ፤ ለብቻሽ ከሰጠሽ ስምሽን ጻፊበት። አክስታችሁ ከተፈቀደላቸው ግን ትንሽ ጨመር ብታደርጊ ደግ ነው።

ስልክሽን ደቅነሽ ፎቶ አንሺው ፊት አትቁሚ። ሙሽሮቹ ራሳቸው ሳይለቁት ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ አትልቀቂ። ደግሞ እንደበላሽ እጅሽን ታጥበሽ ውልቅ እንዳትዪ፤ እስክስታው ሲጀመር ተነሺ።