«በስም ብቻ ጋላክቲካ»፦ ስለ ሪሜኩ ተቃውሞ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ስለ ጠፈር ተከታታይ ፊልሙ ስለ «ባትልስታር ጋላክቲካ» ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አምጡ ብዬ ነበር። ስለ መርከቦቹ ሞዴልና ስለ ሙዚቃው ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥያቄ ወደ አንድ ነገር አጋደለ፦ የድሮው ተከታታይ አድናቂዎች በ2003 የመጣውን ሪሜክ፣ ማለትም ያንኑ ታሪክ እንደ አዲስ የሠራውን፣ ስለተቃወሙበት ዘመቻ። እሺ፣ እሱን እናውራ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአዲሱን መጨረሻ አልናገርም፣ አትስጉ።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው አዲሱን ብቻ ነው። የድሮው አንድ ሲዝን ብቻ ከሆነ እንዴት ሰው ይህን ያህል ተጣላለት?

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1978 በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ ተጀመረ፤ ፈጣሪው ግሌን ላርሰን ነው። ታሪኩ ሲጠቃለል፦ አሥራ ሁለት የሰው ልጅ ዓለማት የሰላም ስምምነት ሊፈርሙ ሲሉ ሳይሎን የሚባሉ ሮቦቶች ያጠፏቸዋል፤ የተረፉት ከአንዲት የጦር መርከብ ኋላ ተሰልፈው፣ ጠፍቶ የቀረ ወገናቸው ይኖርባታል የሚባለውን ምድርን ፍለጋ ይሰደዳሉ። በሐሰተኛ የሰላም ስምምነት የሚጀምረው ይህ ፊልም በመጀመሪያው ምሽት መሃል ላይ ተቋርጦ ነበር። የተቋረጠው ለምን መሰላችሁ? የካምፕ ዴቪድ የሰላም ስምምነት በቀጥታ እንዲተላለፍ።

ለአንድ ክፍል ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበር፤ ለዚያ ጊዜ ቴሌቪዥን ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ። ተመልካቹ እየቀነሰ ሲሄድ ጣቢያው በ24 ክፍል ዘጋው። በ1980 አብዛኞቹ ተዋንያን የሌሉበት የ10 ክፍል ቅጥያ መጣ፤ እሱን አድናቂዎቹ ራሳቸው ባይነሳ ይመርጣሉ። እንግዲህ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ስደተኞቹ መንገድ ላይ ቀሩ። መጨረሻው ያልተነገረ ታሪክ ደግሞ ተመልካቹ በልቡ ሲቀጥለው ይኖራል፤ እነዚያ ሰዎች 25 ዓመት ሙሉ ሲቀጥሉት ኖረዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መጨረሻውን እንዲያዩ አዲስ ሲሠራላቸው ለምን ከፋቸው? ደስ ሊላቸው አይገባም?

አዲሱ መጨረሻውን ሊነግር አልመጣምና! ከሀ ጀምሮ እንደገና ሊነግር ነው የመጣው። ያ ማለት የእነሱ የመርከብ አዛዥ አዳማ፣ የእነሱ አብራሪ አፖሎ፣ እነዚያ 25 ዓመታት በሙሉ እንዳልነበሩ ተቆጠሩ ማለት ነው። ዘመቻው «አዲስ ነገር አንፈልግም» የሚል ይመስላችኋል፤ ከሥሩ ያለው ጩኸት ግን «ቀጥሉልን» የሚል ነበር።

ጩኸቱ ባዶ ምኞትም አልነበረም። አፖሎን የተጫወተው ሪቻርድ ሃች በ1990ዎቹ የታሪኩን ቀጣይ ልብ ወለዶች አሳተመ። ይህ አልበቃ ብሎት የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ከድሮዎቹ ተዋንያን ጥቂቶቹን ሰብስቦ አጭር ማስተዋወቂያ ፊልም ሠራና በ1999 በአድናቂዎች ጉባኤ ላይ ማሳየት ጀመረ። አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭብለት ነበር። ከዚያ በ2001 ፊልም ሠሪዎቹ ብራያን ሲንገርና ቶም ዴሳንቶ እውነተኛ ቀጣይ ተከታታይ ለፎክስ ጣቢያ ማዘጋጀት ጀመሩ። ዝግጅቱ ገፍቶ ሳለ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሆነ፤ ቀረጻው ተገፋ፣ ሲንገር ወደ ሌላ ፊልም ሄደ፣ ፎክስም ተወው። ብዙም ሳይቆይ ሳይፋይ ቻናል «ከዜሮ እንጀምራለን» ብሎ መጣ። የአድናቂውን ንዴት ለመረዳት ይህችን ቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል። እህሉ አፍ ሊገባ ሲል ነው ሳህኑ የተነሳው።

ጥያቄ፦ አንተ ታሳምራለህ እንጂ ነገሩ ስታርባክ ሴት ሆነች ተብሎ የተነሳ ጫጫታ አይደለም እንዴ?

እሱም ነበረበት፣ አልክድም። ዲርክ ቤኔዲክት የተጫወተው ስታርባክ ቁማርተኛ፣ ሴት አሳዳጅ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ወንድ አብራሪ ነበር። ሮናልድ ሞር፣ ማለትም የአዲሱ ጸሐፊ፣ እንዲህ ያለው ወንድ በየፊልሙ የተሰለቸ ነው ብሎ ገጸ ባሕርይዋን ለኬቲ ሳክሆፍ ሰጣት (ሲጋራውን ግን አልወሰደባትም)። ጫጫታው የሚሰማው ከዚህ ሰፈር ነበር፤ ከተቃዋሚው የሚጮኸውም ይሄኛው ነው። በዚህ ምክንያት ሌላው ቅሬታ ሁሉ ተሸፈነ፣ ያ ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ የተሻሉ ነበሩ።

ለምሳሌ ሳይሎኖቹን ውሰዱ። በድሮው የሠራቸው እንሽላሊት መሰል ሌላ ፍጡር ነው፤ ሰዎቹ ንጹሕ ተጠቂዎች ናቸው። በአዲሱ የሠሯቸው ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ መልካቸውም ከሰው አይለይም። ይህ የሞራሉን ሚዛን ገለበጠው፤ የተጠቃው ወገን የሚያስጠይቀው ነገር አለው ማለት ነው።

ከዚህም የሚከብድ አለ፤ እምነቱ። ላርሰን ሞርሞን ነበር፣ በተከታታዩም ውስጥ ሃይማኖቱ በየቦታው ይታያል። የሰው ልጅ መነሻ የሆነችው ፕላኔት «ኮቦል» ትባላለች፤ በሞርሞኖች ቅዱስ ጽሑፍ ደግሞ ለአምላክ ቅርብ የሆነው ኮከብ «ኮሎብ» ነው። በድሮው ሎርን ግሪን የተጫወተው አዳማ ምድር መኖሯን ከልቡ የሚያምን፣ ሕዝቡን በበረሃ እንደሚመራ አባት ያለ ሰው ነበር። በአዲሱ ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ የሚጫወተው አዳማ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች ውስጥ ለተረፈው ሕዝብ ምድር የት እንዳለች አውቃለሁ ብሎ ይናገራል። ውሸቱን ነው። ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ብሎ ነው የዋሸው። እኔ ይህን ሳይ ከወንበሬ ነው የተነሳሁት፣ ድንቅ ጽሑፍ ነው። ከድሮው ጋር ላደገ ሰው ግን የአባቱን ጸሎት ሲያሾፉበት እንደመስማት ነው።

አንድ ብዙ የማይወራበት ደግሞ ልጨምር። በ1978ቱ ከዋናዎቹ መኮንኖች መሃል ኮሎኔል ታይን ቴሪ ካርተር፣ ቡመርን ኸርበርት ጀፈርሰን ይጫወቷቸው ነበር፤ ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። በሪሜኩ ታይ ነጭ ሆነ፣ ቡመር ደግሞ የእስያ ዝርያ ያላት ሴት ሆነች። የስታርባክን ያህል ሰው ቢጮህበት ኖሮ ለአዘጋጆቹ መልሱ የሚከብዳቸው ይህኛው ነበር።

ጥያቄ፦ ዘመቻው ራሱ ምን ይመስል ነበር? ሰልፍ ወጡ?

ሰልፍ ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ለፊልም ኩባንያው ለዩኒቨርሳልና ለጣቢያው ደብዳቤና ኢሜይል፣ ፊርማ ማሰባሰብ፣ «እንዳታዩት» የሚል ጥሪ። ቅጽል ስምም አወጡለት፤ «በስም ብቻ ጋላክቲካ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ «ጂኖ»። በ2003 የድሮው 25ኛ ዓመት ሲከበር ሞር ራሱ በአድናቂዎቹ ጉባኤ ተገኝቶ ነበር፤ አቀባበሉ ሞቅ ያለ ነበር ለማለት አልደፍርም። ግን ሄደ። ለዚያች አንድ ነገር ብቻ አክብሮት አለኝ።

ጥያቄ፦ የሠሩት ሰዎችስ ምን አሉ? ይቅርታ ጠየቁ?

የለም። እንዲያውም ኦልሞስ ተከታታዩ ከመጀመሩ በፊት ለጋዜጠኞች የተናገረው በፊልም ማስታወቂያ ታሪክ እንግዳ ነው፦ የድሮው ጽኑ አድናቂ ከሆናችሁ እባካችሁ አትዩት፣ ትጎዳላችሁ አለ። ዋናው ተዋናይ፣ ፊልሙ ሊወጣ ሲል! ብዙዎች ንቀት ነው አሉ። እኔ ከሁሉም ወገን በዚያ ሰሞን ከተነገረው ቃል ሐቀኛው ይህ ይመስለኛል። ፊልሙ ሌላ ነገር መሆኑን ደብቆ «ትወዱታላችሁ» ብሎ ማባበል ይችል ነበርና።

ጥያቄ፦ ዲርክ ቤኔዲክት ጽፎታል የሚባለው ጽሑፍ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በ2004 ነው። ርዕሱን በአማርኛ መልሼ ልጽፈው አልፈልግም። ባጭሩ፣ አዲሱ ወንድነትን አኮላሽቷል ይላል። ጽሑፉ ለዘመቻው ከጥቅሙ ጉዳቱ በለጠ፤ ስለ እምነትና ስለ ተስፋ ይከራከሩ የነበሩትን ሰዎች በሙሉ በአንድ ከረጢት ከተታቸው።

ጥያቄ፦ ሪቻርድ ሃች ከዳ ወይስ አልከዳም? እኔ እስከ ዛሬ አልታረቅኩትም።

ወንድሜ፣ ታረቀው። ሰውየው ለዓመታት ከሁሉ በላይ የደከመበት ሕልም በሌላ ሰው ተተካበት፤ ሪሜኩንም በይፋ ተችቶ ነበር። ከዚያ ሞር ሚና ሰጠው፣ ተቀበለም። ደግሞ ሚናውን እዩት፦ ቶም ዛሬክ፣ ከእስር ቤት መርከብ ላይ ሆኖ አዲሱን መንግሥት «ማን መረጣችሁ?» የሚል ፖለቲከኛ ዓመፀኛ። የተቃዋሚዎቹ ፊታውራሪ የነበረው ሰው በፊልሙ ውስጥም ተቃዋሚ ሆኖ ገባ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ሃች በ2017 አርፏል፤ እስከ ዕለተ ሞቱም የሁለቱም ወገን ሰዎች በየጉባኤው ይሰለፉለት ነበር።

ጥያቄ፦ ላርሰንስ? ልጁን ሲነጥቁት ዝም አለ?

ስሙ በአማካሪ አዘጋጅነት ተቀምጧል። በ2003ቱ የጽሑፍ ባለቤትነት ላይ የጸሐፊዎች ማኅበር ዳኝነት ድርሻ ሰጥቶታል፣ እሱ ግን ድርሻውን በብዕር ስም አስመዘገበ። የቀረውን እናንተ ተርጉሙት።

ጥያቄ፦ ፒቦዲ ሽልማት፣ ሁጎ ሽልማት፣ በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ውይይት... ታዲያ ተቃዋሚዎቹ ተሳስተው ነበር ማለት አይደል?

ስለ ጥራቱ ተሳስተዋል። «33» የሚለውን የመጀመሪያ ክፍል፣ ጠላት በየ33 ደቂቃው የሚመጣበትንና አምስት ቀን እንቅልፍ ያልተኛ ሠራተኛ የሚታይበትን አይቶ ይህ ርካሽ ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ ልከራከረው አልችልም። ግን ጥሩ መሆኑ የእነሱን ጥያቄ አልመለሰውም። ታሪካቸው እስከ ዛሬ አላለቀም። አንድ ሰው ቤቱ ሲፈርስበት «የተሠራው ሕንጻ እኮ ያማረ ነው» ብትሉት ምን ይላችኋል? ልክ ናችሁ ይላል፣ ግን ቤት የለውም።

ደግሞ ምጸት አለችበት። በሪሜኩ ላይ «ስም የሰረቀ» ይሉ የነበሩት ሰዎች የሚከላከሉለት የ1978ቱ ራሱ ኮፒ ነህ ተብሎ ፍርድ ቤት ቆሟል፤ ፎክስ ከ«ስታር ዋርስ» ገልብጣችኋል ብሎ ዩኒቨርሳልን ከሶ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ ነበር።

ጥያቄ፦ የአድናቂዎች ዘመቻ ተሳክቶ ያውቃል ወይስ ሁሌ ከንቱ ድካም ነው?

«አታቁሙብን» የሚል ዘመቻ ተሳክቶ ያውቃል። በ1968 ቢጆ ትሪምብልና ባለቤቷ ጆን ያስተባበሩት የደብዳቤ ጎርፍ «ስታር ትሬክ»ን ለሦስተኛ ሲዝን አበቃው፤ ኤንቢሲ መቀጠሉን በቴሌቪዥን አስታውቆ፣ ከእንግዲህ አትጻፉልን እስከማለት ደረሰ። በ2007 «ጄሪኮ» የሚባል ተከታታይ ሲቋረጥ አድናቂዎች ለሲቢኤስ ከ20 ቶን በላይ ለውዝ ላኩ፤ በመጨረሻው ክፍል ጀግናው ለጠላት የሰጠው አንድ ቃል መልስ፣ «ነትስ» (በእንግሊዝኛ ለውዝ ማለትም ይሆናል)፣ ነበር መነሻው። ጣቢያው ሰባት ክፍል ጨመረላቸው።

«አትሥሩብን» የሚለው ግን ሌላ ነው። ጣቢያ የሚቆጥረው የሚያየውን ሰው ነው፤ አላይም ያለ ሰው ካልተወለደ ሰው ጋር እኩል ይቆጠራል። ሲባስም ጩኸቱ ማስታወቂያ ይሆናል። እኔ አዲሱን ያየሁት ልንቀፈው ነው፤ ተቃዋሚዎቹ ናቸው የላኩኝ ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ «ጋላክቲካ» ሊሠራ ነበር የሚባለው ምን ደረሰ?

በ2019 ፒኮክ ለሚባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ታሰበ፣ አዘጋጁ ሳም እስማይል ነበር፤ በ2024 ፒኮክ ተወው። የሚያስቀው ግን ዜናው በወጣ ማግስት የሆነው ነው። በ2003 ድሮውን ሙጭጭ ያሉትን «ሽማግሌዎች» እያሉ ይስቁባቸው የነበሩት የሞር አድናቂዎች፣ በተራቸው «ማን ንኩት አላችሁ?» ብለው ተነሱ። እስማይልም ወዲያው የሞርን ሥራ ሪሜክ እንደማያደርግ፣ በዚያው ዓለም ውስጥ ሌላ ታሪክ እንደሚነግር አሳወቀ። በ2003 ይህን ያህል ማረጋገጫ የሰጣቸው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለቱንም አላየሁም። ከየቱ ልጀምር?

ከድሮው፣ ግን ሁሉንም አይደለም። የመጀመሪያውን የሦስት ሰዓት ክፍል እይ፤ ከዚያ የጦር መርከቧ ፔጋሰስ የምትመጣበትን ባለሁለት ክፍል ታሪክ እይ። በ1980 የወጣውን ዝለለው። ከዚያ በኋላ ወደ 2003ቱ ግባ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በአዲሱ ውስጥ በሰልፍና በሥነ ሥርዓት ላይ ወታደራዊ መዝሙር ሲሰማ ጆሮህን አቁም። ስቱ ፊሊፕስ ለ1978ቱ የደረሰው የመክፈቻ ሙዚቃ ነው፤ በአዲሱ ዓለም የቅኝ ግዛቶቹ ብሔራዊ መዝሙር አድርገውታል። ድሮውን ያላየ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል።